የጋሽ ጠብታ እጅ

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከግንባሯ በላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል። ጋራዡ የሚመጣው ሁሉ ግን እስከ ዛሬ «ልጅት» ነው የሚላት። «ልጅት፣ ጋሽ ጠብታ አሉ?» «ልጅት፣ መኪናዬን ማምጣቴን ለአባትሽ ንገሪልኝ።» እሷም ትነግራለች። ነግራ ትመለስና መኪናውን ራሷ ትሠራዋለች።

ጋሽ ጠብታ አባቷ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው፤ «እኔ የዘጋሁት በር ጠብታ አያሳልፍም» ማለት ስለሚወዱ። እውነትም አያሳልፍም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና በር መስታወትና ጎሚኒ ብቻ ሲሠሩ ኖሩ። ጎሚኒ ያ በበሩ ዙሪያ የሚለጠፈው፣ ዝናብና አቧራ የሚከለክለው የጎማ ጥብጣብ ነው። ሞተር አይነኩም፣ ፍሬን አይነኩም። «ሞተር ሲበላሽ ይጮኻል፤ ለጮኸ ነገር ሁሉም ይደርስለታል» ይላሉ። «ውሃ ግን ሌባ ነው። ገብቶ ወንበርህ ስር ሲተኛ አትሰማውም።»

የዛሬ ስድስት ዓመት ጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ብሎን ያመልጣቸው ነበር፤ ቀጥሎ ሻይ ይደፋባቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ብሎን አላሰሩም። ደንበኛ ሲመጣ ሁለቱን እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ከበላይ ቆመው ያዝዛሉ፤ ልጅት ጎንበስ ብላ ትሠራለች። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ጠብታ ጋዜጣ ይዘው መኪናው ውስጥ ይገቡና በሮቹ ይዘጋሉ። ልጅት በቱቦ ውሃ ታወርድባቸዋለች። እሳቸው ጋዜጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አሥር ደቂቃ ይቀመጣሉ። ሲወጡ ጋዜጣውን በደንበኛው ፊት ያራግፉታል፤ ደረቅ ነው። ሰው ያጨበጭባል። ሰው ልጅት የታዘዘችውን ብቻ የምታደርግ ይመስለዋል፤ የአባቷ እጅ መክዳቱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ጠብታም «ይህ በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር» ብለዋታል። እሷም ተስማምታለች። እጁ የከዳውን አባት ማን አደባባይ ያወጣል?

የሚኖሩት እዚያው ነው። ከጋራዡ በስተኋላ ሁለት ክፍል አለ። የልጅት ክፍል የዕቃ ማስቀመጫም ስለሆነ ከአልጋዋ በላይ የጎሚኒ ጥቅልሎች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ ጸጉሯን ስንት ጊዜ ብትታጠብ ጎማ ጎማ ይላል። ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር ያለው በአባቷ ክፍል በኩል ነው። ለመውጣት በአልጋቸው አጠገብ ማለፍ አለባት። «ወዴት ነሽ?» ይሏታል። ክፋት የለውም፤ አባት ነው፣ ይጠይቃል። ግን ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሳሙና ሊገዛ ሲወጣ «ወዴት ነህ?» መባሉ የሚያስቀው አንድ ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ክፉ ሰው ቢሆኑ እኮ ይቀላት ነበር። ለክፉ ሰው መላ አለው፤ ጥሎት መሄድ ነው። ጋሽ ጠብታ ግን እናቷ ስትሞት ጸጉር መጎንጎን የተማሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ወፍራም ጣታቸው፣ አንዱን ጎን አወፍረው ሌላውን አቅጥነው። «ሴት ልጅ ምን ካቻቢቴ ያስይዛታል?» ላሏቸው «ካቻቢቴው ጠይቆ ነው እንዴ የሚያዘው?» ብለው የመለሱ ናቸው። ያስተማሯት እሳቸው፣ አስረው ያስቀሯትም እሳቸው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ትወደዋለህ፤ አጠገቡም ታንቀህ ትሞታለህ።

አንድ ቀን ለውሃው ፍተሻ ያስቀመጠችውን ጋዜጣ ስትገልጥ ማስታወቂያ አየች። የአውቶቡስ አካል የሚሠራ ፋብሪካ፣ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ የበር መስታወትና ጎሚኒ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። መኖሪያ ይሰጣል ይላል። መኖሪያ! ልጅት ያቺን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበቻት። የራሷ በር ያለው ክፍል ታያት። ጋዜጣውን አጣጥፋ ጡቷ ስር ሸጎጠችና ከጋራዡ ጀርባ ሄዳ ደወለች።

«ባለሙያው ማን ነው?» አላት በወዲያ በኩል ያለው ሰው፤ የፋብሪካው ኃላፊ ነው።

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረባት። ሁለት ቃል ናት። ግን ስድስት ዓመት ተዘግቶ የኖረ አፍ በአንድ ቀን አይከፈትም። «በእኛ ጋራዥ ያለውን እጅ መጥታችሁ ብታዩት አይሻልም?» አለች።

«እሺ፣ ሐሙስ በዚያ በኩል አልፋለሁ» አላት።

ስልኩን ስትዘጋ ራሷን በጥፊ ልትመታ ቃጣት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኋላ ግን ራሷን አጽናናች። ሰውየው ባለሙያ ነው፣ ዓይን አለው፤ ማን እንደሚያጎነብስና ማን እንደሚቆም ያያል። እሷ ሳትናገር እሱ ከተናገረላት አባቷን አደባባይ ያወጣችው እሷ አይደለችም። እንዲህ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው፤ ሌላ አታላይ አያስፈልገውም።

በዚያ ሰሞን በእጇ ላይ የነበረው የአንድ የጥርስ ሐኪም መኪና ነው። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ፣ አሮጌ ስፖርት መኪና፤ እድሜው ከልጅት ይበልጣል። ሐኪሙ ሲሮጥ አይቶት አያውቅም፤ ግቢው ውስጥ አቁሞ ሲወለውለው ነው የኖረው። በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለ በሩን ይዳብስና «ሳያማት ይሁን እሺ» ይላል፣ ጥርስ ሲነቅል እንደሚለው። ጋሽ ጠብታም «ደንዝዛለች ዶክተር፣ አታስብ» ይሉታል። ሁለቱም በዚህ ቀልድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይሰለቹ ስቀዋል።

የመኪናው ጣጣ መስታወቱ ነው። በሌሎች መኪኖች መስታወቱ በብረት ክፈፍ ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። የዚህ በር ክፈፍ የለውም። መስታወቱ ሲነሳ ጠርዙ ራቁቱን ነው፤ ወጥቶ ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለውን ጎሚኒ ተደግፎ ይቆማል። ጥቂት ካነሰ ውሃ ይገባል፤ ጥቂት ከበለጠ በሩ ሲዘጋ ጠርዙ ብረቱን ይመታል። መስታወቱን የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ደግሞ ዘመናት አልፈዋል። ቢሰበር ምትክ የለውም።

ልጅት መጀመሪያ የበሩን የውስጥ ልባስ ገፈፈች። አሮጌው ጎሚኒ ደርቆ በእጇ ላይ ይፈረፈር ነበር፤ ስሩ የቀረውን ማስቲሽ ለሁለት ቀን ፋቀችው። መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ቦይ ጠርጋ አዲስ ጨርቅ አለበሰችው፤ ማውጫ ማውረጃውን ፈትታ አጥባ ግራሶ ቀባችው። ከበሩ ግርጌ ያሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ከፈተቻቸው፤ በር ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ካጣ ላሜራውን ይበላዋልና። ከዚያ አዲሱን ጎሚኒ በሳሙና ውሃ እያራሰች ከላይ ጀምራ በአውራ ጣቷ እየተጫነች አስገባችው። ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ቶሎ እንዲደርስለት ጎሚኒውን ይስበዋል። የተሳበ ጎሚኒ ደግሞ ይሰበሰብና ከወር በኋላ ማዕዘኑ ላይ ይላቀቃል። ልጅት አትስብም። እንዲያውም አንድ ጣት ያህል አስተርፋ ቆርጣ ጫፍና ጫፉን እየገፋች ታጋጥመዋለች። ይህን ስትሠራ አባቷ ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። በዚያች ሰዓት ብቻ ነው ደረቷ የሚከፈትላት፤ ማንም አያዛትም፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚያወሩት።

ሐሙስ ሲደርስ የግራው በር አልቋል። የቀኙ መስታወት ገብቷል፤ የቀረው ከፍታውን መወሰን ነው። የመስታወቱን መጨረሻ የምትወስን አንዲት ብሎን አለች፤ እሷን ማስተካከልና ማሰር።

የፋብሪካው ኃላፊ ከረፋዱ ላይ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው። የጥርስ ሐኪሙም እንዳጋጣሚ ከች ብሎ ነበር። ኃላፊው ግራውን በር ከፈተ፣ ዘጋ። ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ በሩ ላይ አጣብቆ ዘጋና ሳበው፤ ወረቀቱ እያመነታ ወጣ። በየቦታው ሞከረው፤ በየቦታው እኩል ያዘ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አለ።

ልጅት ቀና አለች። የጥርስ ሐኪሙ ግን ማን ቀድሞት! «የማን ሊሆን? የጋሽ ጠብታ ነዋ! በከተማው ሌላ አለ እንዴ?»

«ለካ አባባ ነዎት» አለ ኃላፊው፣ ጎንበስ ብሎ። «እስቲ ቀኙን ሲያስተካክሉት ልይ። ለፋብሪካው ልጆች የምነግረው ነገር ባገኝ።» ማስታወሻም አወጣ።

ጋሽ ጠብታ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። «እኔ ካስተማርኩ በኋላ ብሎን አልነካም» አሉ ኮራ ብለው። «ልጄ ትሠራለች፣ እኔ አዝዛለሁ። ነይ ልጄ። መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውጪው።»

አወጣችው።

«ጥሩ። አሁን በሩን በኃይል ወርውሪው። አዲስ ጎሚኒ የሚገራው በጉልበት ነው። አትፍሪው፣ አንዴ ድርግም ሲል ቦታውን ያገኛል።»

ልጅት የበሩን ጫፍ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ምክሩ ክፈፍ ላለው በር ልክ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ሺህ ጊዜ እንዲያ አድርገዋል። ለዚህ በር ግን ሞት ነው። ብሎኗ ገና አልተስተካከለችም፤ መስታወቱ ከሚገባው በላይ ወጥቷል። በሩ ቢወረወር ጠርዙ የጣሪያውን ብረት ይመታል፣ መስታወቱም እንደ ጨው ይበተናል። አባቷ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ያስተማሯት እኮ እሳቸው ናቸው። ደክሟቸዋል፣ አለች በልቧ። በሰው ፊት ሲቆሙ ተደናግጠዋል።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት፣ መጥቶም አልሄድ አላት። ብትወረውረውስ? ታዝዛለች፤ አባቷ ያሉትን አደረገች፤ ምን ጥፋት አለባት? መስታወቱ ይደቃል፤ ኃላፊው ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ ያያል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል፤ እሷም ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ታስረዳዋለች። አንድ ግፊት ብቻ። ከዚያ የራሷ በር ያለው ክፍል። የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ነክሷል፤ አባቷ እንደ ሕፃን ፊታቸው በርቶ ይጠብቃሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ።

አንጀቷ አልቻለም። «እሺ አባዬ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቅድም ሁለት ዙር ዝቅ አድርገሽ እሰሪው ያልከኝን ረስቼ ነው። እሱን ልጨርስና።» የአሥር ቁጥር መፍቻ አነሳች፣ ጎንበስ አለች፣ ብሎኗን ሁለት ዙር አዞረች፣ አጠበቀች። መስታወቱን እንደገና አወጣችው። በሩን በመዳፏ ገፋ ስታደርገው ቀስ ብሎ ገባ፣ ጠርዙም ጎሚኒው ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ኃላፊው ወረቀቱን አስገብቶ ሳበ። ዙሪያውን እኩል ያዘ። «ሁለት ዙር» እያለ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ከዚያ ጋሽ ጠብታ ጋዜጣቸውን ይዘው ገቡ፤ ልጅት ውሃውን ለቀቀችው። አሥር ደቂቃ ሙሉ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ከኋላው የአባቷ ፊት እየተጠማዘዘ ይታያታል፤ እሳቸው ይስቁላታል። ሲወጡ ጋዜጣውን አራገፉት። የጥርስ ሐኪሙ አጨበጨበ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኃላፊው ወደ ልጅት ዞረ። «አንቺስ፣ ከአባትሽ ስንት ዓመት ተማርሽ?»

እንግዲህ በሩ ሁለተኛ ጊዜ ተከፈተላት ማለት ነው። የጠየቃት ሰው ባለሙያ ነው፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው። ምን አለች መሰላችሁ? «ገና እየተማርኩ ነው» አለች። ጥፊ የሚያሰኝ ነው፤ ግን አባቷ አጠገቧ ቆመው ትከሻዋን ይዘዋል፣ እጃቸው ትከሻዋ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እሷ ደግሞ ኃላፊው መንቀጥቀጡን እንዳያይ በእጇ ሸፍናዋለች።

«እኔ የመጣሁት ሰው ልወስድ ነበር» አለ ኃላፊው። «አሁን ግን አሰብኩበት። የሚያጎነብስ እጅ በየትም ይገኛል፤ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው። አባባን በዚህ ዕድሜያቸው አምስት ሰዓት መንገድ ላንገላታቸው አልችልም። በሮቹ ራሳቸው ይምጡ። በየሳምንቱ በመኪና እንልካለን፤ እርስዎ ያዝዛሉ፣ ልጅዎ እንደ እስካሁኑ ታግዝዎታለች። ዓመታት የሚያስኬድ ሥራ ነው። ምን ይላሉ?»

ጋሽ ጠብታ በደስታ ወደ ልጅት ዞሩ። «ልጄ፣ ሰማሽ? ከቤታችን ሳንወጣ!»

«ሰማሁ» አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እሷ ግን የጣለችው ብብቷ ስር የነበረችውን አንዲት ተስፋ ነው። በስልክ የጠራችው ሥራ አድራሻዋን ይዞ መጣና በሩን ከውጭ ዘጋባት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ፣ ወለል ስትጠርግ ዋለች። ግን አንድ ነገር ቀርቷታል፤ እሱን ይዛ ዋለች። አባቷ ዛሬ ምን እንዳደረገችላቸው ያውቃሉ። ዝም አለች እንጂ ልታዋርዳቸው ትችል ነበር፤ ይህንን ከማንም በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ዛሬ ጠይቃቸው እምቢ ሊሏት አይችሉም። «አባዬ፣ አድኜሃለሁ፤ አሁን አንተ ልቀቀኝ። ሰው እንቅጠር፤ እኔ ልሂድ» ትላቸዋለች። ቃሉን እየመላለሰች አጠናችው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ራት አቀረበች። አባቷ እጃቸው ስለማያጎርሳቸው ማንኪያውን እሷ ናት የምትይዝላቸው። ሁለት ጊዜ አጎረሰቻቸውና ጀመረች።

«አባዬ፣ ዛሬ ያ መስታወት ሊሰበር ነበር።»

«እሱንማ ተዪው!» አሉ ጋሽ ጠብታ፣ አላምጠው ሳይጨርሱ። «እኔ ሁለት ዙር ዝቅ አድርጊው ባልልሽ ኖሮ ልትወረውሪው ነበር እኮ። አየሁሽ፣ በሩን ይዘሽ ስትቆሚ። ልቤ ቆሞ ነበር።»

ልጅት ሳቃቸውን ጠበቀች። አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳሉ። አልሳቁም።

«አባዬ፣ ሁለት ዙር ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ነበር?» አሉ፣ በጥያቄው ተገርመው። ፊታቸው ላይ ሽንገላ የለም፣ ሐፍረት የለም፤ ጥርት ያለ ፊት ነው። ከዚያ አሳዘነቻቸው መሰለኝ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጉልበቷን መታ መታ አደረጉት። «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል። እኔ አልቆጣም። ያኔ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የነጋዴውን መኪና መስታወት ጥለሽ በሰበርሽው ጊዜስ ተቆጣሁሽ?»

ያ መስታወት ከእሳቸው እጅ ነበር ያመለጠው። በሩ ውስጥ ሲያስገቡት ጣታቸው ከዳቸውና እዚያው ደቀቀ። ነጋዴው ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ሲገባ ልጅት ምን እንደነካት ሳታውቅ «እኔ ነኝ የጣልኩት» አለች፤ ሰውየውም አፉ እንዳመጣለት ሰደባት። ከሄደ በኋላ አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው መሃል ደብቀው አለቀሱ። በዚያች ቀን ነው «ይህ በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር» ያሏት። ያለቀሱበትን ዓይን አሁን ታየዋለች፤ ውስጡ ያ ቀን የለም። እሳቸው ከምስጢሩ ወጥተዋል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ለማን ትንገር? ማን ነበረ ብላ ማንን ለምስክርነት ትጥራ?

ማንኪያውን ሞላች፣ ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«ተቆጣሁሽ እንዴ?» አሉ እንደገና፣ መልስ እየጠበቁ።

«አልተቆጣኸኝም አባዬ» አለች።